የፎገራ ገበሬ ልጅና የአዳሪ ትምህርት ቤት ደጃፍ

ወረታ፤ በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በየገጠሩ ቀበሌ የደረሰው እንደ መርዶ ነበር። ለፈተናው ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 29,909 ብቻ መሆናቸውን የትምህርት ሚኒስቴር ገለጠ። ይኸውም ከመቶ 3.3 ማለት ነው። አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ የቀሩት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከ1,100 በላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የአላፊዎቹ መጠን በ2015 ዓ.ም. ፈተና ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆኖአል። መሻሻል አለ፤ ነገር ግን ከመቶ ልጅ ዘጠና አንዱ የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ ሳያልፍ የሚመለስበት ውጤት ለወላጅ ገና ሐዘን ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ውጤት ውስጥ ግን አንድ ሌላ ነገር ታይቶአል። ጎልተው የወጡት ልዩና አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። በክልላችን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም ማዕከልና የደሴ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በአዳማ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ያቋቋመው የኦዳ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በመቐለ የትግራይ ልማት ማኅበር የመሠረተው ቃላሚኖ ከከፍተኛ ውጤት ጋር ስማቸው ከሚነሣው መካከል ይገኛሉ። በእነዚህ ቤቶች ከሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ የባለጸጋ ልጆች አይደሉም፤ ከየወረዳው በፈተና ተመርጠው የመጡ፣ ከእነዚህም መካከል የገበሬ ልጆች ያሉባቸው ናቸው። እንግዲህ የገበሬው ልጅ ጭንቅላት እንዳልጎደለው ውጤቱ ራሱ መስክሮአል። የጎደለው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ለፎገራ ሜዳ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

እርግጥ ነው፣ አዳሪ ትምህርት ቤትን ከተራው የገጠር ትምህርት ቤት ጋር ማወዳደር ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም። አዳሪው ቤት የሚቀበለው አስቀድሞ የተመረጠውን ዘር ነው፤ የተመረጠ ዘር በደህና መሬት ላይ ሲዘራ ምርቱ ቢያምር የሚያስገርም የለውም። ነገር ግን ከዘሩ ሌላ መሬቱም አለ። አዳሪው ልጅ ማታ መብራት አለው፤ የሚያነበው መጽሐፍ አጠገቡ ነው፤ ሲከብደው የሚጠይቀው መምህር በግቢው ወይም በቅርቡ ይገኛል፤ ምግቡ በሰዓቱ ይቀርብለታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጊዜው የራሱ ነው። በኅዳር ወር ሩዝ ለማጨድ፣ በጥር ወር ሽንኩርት ለማጠጣት የሚጠራው የለም።

በፎገራ ዋናው ጉዳይ ይህ የጊዜ ነገር ነው። ሩዝ በአካባቢው የተለመደው በ1970ዎቹ ሲሆን፣ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ወረዳ ደግሞ በሻጋ በነበሩት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ላይ ሞክረውት እንደነበር ይታወቃል። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው መንደር ነው። ያን ጊዜ ውኃ የሚተኛበት መሬት ይባል የነበረው፣ ከግጦሽ በቀር ብዙም የማይታሰበው ሜዳ ዛሬ በአገሪቱ ካሉት ዋና ዋና የሩዝ አምራች ቦታዎች አንዱ ሆኖአል። ሩዙ የገበሬውን ቤት እንደ ደገፈ ማንም አይክድም። ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ገለባው ለፎገራ ከብት መኖ ነው፤ ወረታ ከተማ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ለብዙ ሰው እንጀራ ፈጥረዋል።

ሩዝ ግን እጅ ይወዳል። በሰኔ ይዘራል፤ በሐምሌና በነሐሴ አረሙ አይጣል ነው፤ ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መንቀል የግድ ይሆናል። ዛላው መያዝ ሲጀምር ወፍ ይመጣል። ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እያስጮኸ ወፍ የሚጠብቀው ማን ነው? በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ በመስከረም የተመዘገበው ልጅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳውና ውቂያው ይከተላል። ሩዙ ሳይነሣ በእርጥበቱ ላይ ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራበታል። በጉማራና በርብ ወንዞች ዳር ያለው ገበሬ ደግሞ ወዲያው ፓምፑን አስነሥቶ ወደ ሽንኩርት ይገባል። በሌላ አገር ገበሬ ከመኸር በኋላ እፎይ የሚልበት ጊዜ አለው፤ በፎገራ ሜዳ ይህ ጊዜ እየጠፋ ሄዶአል። ለገቢው መልካም ነው። ለተማሪው ግን ዓመቱን ሙሉ ከክፍል የሚያስቀር ሥራ ማለት ሆኖአል።

በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ከክፍል የሚጎድለው ተማሪ የሚያመልጠው የትምህርቱ መሠረት ነው። በሒሳብ የመጀመሪያው ምዕራፍ ያልገባው ልጅ ሁለተኛው ምዕራፍ አይገባውም። በታኅሣሥ ተመልሶ ሲመጣ ጓደኞቹ ሩቅ ሄደው ይጠብቁታል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የታወቀ ነው፤ ደብተሩን ይዞ ይመላለሳል፣ ይቀመጣል፣ አይሰማም።

ሁለተኛው ችግር ውኃ ነው። ርብና ጉማራ ከዳር ሲወጡ በጣና ዳር ያሉት ናበጋና ዋገጠራን የመሰሉ ቀበሌዎች መንገዳቸው ይቆረጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ጎርፍ የማያስታውስ የዕድሜ ባለጸጋ በአካባቢው የለም። በዚህ ወቅት ነው እንግዲህ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚሰማው። የአዳሪ ትምህርት ቤቶች የመቀበያ ማስታወቂያም የሚወጣው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። ማስታወቂያው ከተማ ላይ ይለጠፋል፤ የከተማው ልጅ በማግሥቱ ያየዋል። በሜዳው ላይ ያለው ልጅ ግን ውኃው ሲጎድል፣ መንገዱ ሲደርቅ ይሰማል። ጥሩ ውጤት ያለው የገበሬ ልጅ ለመወዳደር ሳይመዘገብ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው እንጂ በፈተና ተሸንፎ አይደለም።

ይህን ለማስተካከል የሚጠይቀው ገንዘብ የለም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ወይም አንድ የተወከለ ሰው በሐምሌና በነሐሴ በየሳምንቱ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላል። የተሰማውን ቃል እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ በሰንበቴውና በዕድሩ ስብሰባ ማሰማት ይቻላል። በየቀበሌው ያሉት የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ለመናገር ገበሬውን ሲሰበስቡ ይህን አብረው ቢናገሩ የሥራቸው አካል እንጂ ከሥራቸው የወጣ አይሆንም።

አዳሪ ትምህርት ቤት ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በ1930ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈቱት የኮተቤና የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤቶች ከየጠቅላይ ግዛቱ ልጆችን እየሰበሰቡ በማሳደር ያስተምሩ ነበር። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ባሕር ዳር ላይ የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋምም እንደዚሁ ከሩቅ የመጡ ወጣቶችን አሳድሮ አሠልጥኖአል። በአብዮቱ ዘመን በአላጌ የተቋቋመው የሕፃናት አምባ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ያደጉበት ሲሆን፣ ቦታው በኋላ የግብርና ኮሌጅ ሆኖአል። በወረታ ከተማም ቢሆን የግብርና ኮሌጁ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን ሲያሠለጥን ከየወረዳው የመጡ ወጣቶች በግቢው እያደሩ ተምረውበታል። በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የተመደቡት ሠራተኞች ከእንዲህ ያሉ ኮሌጆች የወጡ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ግን የቤተ ክህነቱ ትምህርት ነበረ። በደቡብ ጎንደር ምድር፣ በጋይንት፣ ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አባ ለዝማሬ መዋሥዕት የታወቁ የምስክር ቤቶች ናቸው። የቆሎ ተማሪው ከእናት ከአባቱ ርቆ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ የመንደሩ ሰው በሚሰጠው ቁራሽ ዓመታት ሲማር ኖሮአል። ውሻ እየነከሰውም ቢሆን ተምሮአል። የሌላውን ሰው ልጅ ለትምህርት ብሎ ማብላት ለአካባቢው ሕዝብ እንግዳ ልማድ አይደለም፤ እንዲያውም የቆየ ነው። የዘመናዊው ተማሪ ግን ይህን ወግ አላገኘም። ለእርሱ ቁራሽ የሚሰጥ መንደር የለም፤ የቤት ኪራይ የሚጠይቅ ከተማ ነው ያለው።

ምክንያቱም የፎገራ ገጠር ልጅ ከ8ኛ ክፍል በኋላ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ባይገባም፣ በእርግጥ አዳሪ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከመንደሩ ርቆ በወረታ ወይም በዓለም በር ሲሆንበት፣ ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ይመጣል። እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ጥቂት በርበሬ ነው ስንቁ። እንጀራው እስከ ረቡዕ ይቆያል፤ ሐሙስ መሻገት ይጀምራል፤ ዓርብ በድርቆሹ ይታለፋል። ዓርብ ከቀትር በኋላ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤቱ ለመድረስ ከክፍል ቀድሞ ይወጣል፤ መንገዱ ከራቀ ሰኞ ጧትም ይዘገያል። ከሳምንቱ አምስት ቀን ውስጥ የዓርብ ግማሹና የሰኞ ጥቂቱ በመንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ማታ ማታ ሲሠራ እንጨት መፍለጥ፣ ወጥ መሥራት፣ ልብስ ማጠብ አለበት። ዕድሜው አሥራ አምስት ነው፤ ሲያመው የሚያየው፣ ሲባልግ የሚገሥጸው ታላቅ ሰው አጠገቡ የለም።

ለሴት ልጅ ይህ ሁሉ እጥፍ ይሆናል። ብቻዋን ከተማ ላይ ተከራይታ እንድትቀመጥ ወላጅ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያም «እዚያ ከምትበላሽ» ተብሎ ትዳር ይመጣል። በሕጉ የጋብቻ ዕድሜ አሥራ ስምንት ዓመት መሆኑን የቀበሌው መሪ ያውቃል፤ ሽማግሌውም ያውቃል። ነገር ግን ሕጉን ከመጥቀስ በፊት ልጅቱ በደኅና የምታድርበት ቤት ካልተገኘ ወላጁ ሁለት ክፉ ነገሮች ፊት ለፊቱ ቆመው እያየ ነው የሚመርጠው። አዳሪ ትምህርት ቤት ከማንም ይበልጥ የሚጠቅመው ሴት ተማሪዋን ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁሉም ልጅ በልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ሊገባ እንደማይችል የታወቀ ነው። ቦታው ጥቂት ነው፤ የሚመረጠውም ከብዙ አንድ ነው። የቀሩትስ? ለዚህ ጥያቄ የገበሬ ማኅበራት ራሳቸው ሊመልሱት የሚችሉት ክፍል አለ። ይኸውም አንድ ቀበሌ ወይም ሁለት ጎረቤት ቀበሌዎች ተባብረው በከተማው ውስጥ የጋራ ማደሪያ ቤት ለተማሪዎቻቸው ማቋቋም ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። አንድ ተማሪ በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ይበላል ተብሎ ይታሰብ። የትምህርቱ ዘመን አሥር ወር ያህል ስለ ሆነ በሦስት መቶ ቀን አንድ ኩንታል ተኩል ይሆናል። ሃያ ተማሪዎች ቢሆኑ ሠላሳ ኩንታል ማለት ነው። ሠላሳ ኩንታል ሲባል ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ስድስት መቶ አባወራና እማወራ ባለበት ቀበሌ ቢደለደል ለአንድ ቤት አምስት ኪሎ ብቻ ይደርሳል። ይህ በውቂያ ጊዜ በአውድማው ላይ ሩዙ ሳይገባ የሚሰፈር ቢሆን ማንንም አይጎዳም። አምስት ኪሎ ሩዝ ለአንድ ድግስ ከሚወጣው በእጅጉ ያነሰ ነው።

እህሉ ብቻውን ግን ቤት አያቆምም። የቤት ኪራይ፣ ዘይትና ጨው፣ ማገዶ፣ የምታበስል ሴት ደመወዝ፣ የመብራት ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ይፈለጋል። የሴቶቹ ማደሪያ ከወንዶቹ የተለየ፣ በታመነች እናት የሚጠበቅ መሆን አለበት። የሽንኩርት ምርት የሚሸጥበት ጊዜ ገንዘብ ከገበሬው እጅ የሚገኝበት ስለ ሆነ መዋጮው በዚያን ጊዜ ቢሆን ይቀላል፤ በክረምት የተጠየቀ መዋጮ ግን አበዳሪ ፍለጋ ይልካል። የሚከብደው ከዚህ ሁሉ ሌላ ነው። የጋራ ንብረት በጋራ ሲጠፋ የታየበት አገር ስለ ሆነ ገበሬው እህሉን ለመስጠት ሳይሆን የሰጠው እህል የት እንደ ደረሰ ባለማወቁ ይከፋል። ስለዚህ መዝገቡ በሊቀ መንበሩ ቤት ሳይሆን በወላጆች ኮሚቴ እጅ ይሁን፤ በየወሩ በሰንበቴው ፊት ይነበብ። ይህ ካልሆነ ቤቱ በመጀመሪያው ዓመት ፋሲካን ሳያይ ይዘጋል።

መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» የሚባለው ንቅናቄ ሕዝቡ በጉልበቱና በገንዘቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያሻሽል የሚጠይቅ ነው። እስካሁን በብዙ ቦታ መዋጮው የዋለው ለክፍል ግንባታ፣ ለወንበርና ለአጥር ነው። መልካም ነው። ሆኖም ሜዳው ላይ ላለ ቀበሌ አዲስ አጥር ከማጠር የተማሪዎች ማደሪያ ማቋቋም ሳይቀድም አይቀርም። የ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ የገበሬ ማኅበራት አዳራሻቸውን ለቅቀው፣ ጥቁር ሰሌዳ አስጠርበው፣ ሽማግሌውን ሳይቀር ፊደል ያስቆጠሩ መሆናቸውን የሚያስታውሱ አሁንም አሉ። ያ ሥራ የተሠራው ከአሁኑ በጠበበ አቅም ነው።

በመካከሉ የመጣው ግጭት ነገሩን አክብዶታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ሚሊዮኖች ተማሪዎችም ከገበታ ርቀዋል። በዚህ ጊዜ ልጁን ወደ ከተማ መላክ የሚፈራ ወላጅ አለ፤ ልጁን በቤት ማስቀረት የሚፈራም አለ። የቀበሌ መሪዎች በዚህ ላይ ያላቸው ሥልጣን የተወሰነ ነው። ቢሆንም ትምህርት ቤትና የተማሪ ማደሪያ የማንም ወገን መሣሪያ መያዣ እንዳይሆን፣ የተማሪ መንገድ እንዳይዘጋ የሽማግሌዎች ቃል ከመሪዎች ቃል ጋር ሲደመር የሚሰማበት ቦታ አልጠፋም። ትምህርት የቋረጠበት ልጅ ዓመቱ ሲያልፍ አብሮት እንደሚያልፍ መታወቅ አለበት፤ አንድ ክረምት ያለፈበት የሩዝ ዘር እንደሚሆነው ያለ ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ተምሮስ ምን አገኘ» ሲሉ ይሰማሉ። ዲፕሎማ ይዘው ያለ ሥራ የተቀመጡ ወጣቶች በየቀበሌው ስላሉ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱ ግን ከመሬቱ ይጀምራል። በአማራ ክልል የመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ተወልዶ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወጣት ከወላጁ ካልወረሰ ወይም ካልተከራየ በቀር መሬት የለውም። ሦስት ጥማድ ያለው ገበሬ አምስት ልጆች ቢኖሩት ማሳው ለአምስት ሲቆረስ ለበሬ መዞሪያ እንኳ አይበቃም። ሜዳው በጣና በኩል አይሰፋም፤ በተራራው በኩልም አይሰፋም። ስለዚህ ልጅን ማስተማር ለፎገራ ገበሬ የቅንጦት ነገር መሆኑ ቀርቶአል፤ ለልጁ የሚሰጠው ሌላ ድርሻ ስለሌለው ነው።

በሌላ በኩል፣ የተማረው ልጅ ሁሉ ከሜዳው ይጠፋል ማለትም አይደለም። በወረታ የሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በሩዝ ዝርያ፣ በአረምና በድኅረ ምርት ሥራ ላይ የተማሩ ሰዎችን ይፈልጋል። ሻጋ፣ ጉማራ፣ ኮኪት የሚባሉ የሩዝ ዝርያዎች ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ አካባቢ መንደርና ወንዝ ነው። ዝርያውን መርጦ ስም የሚያወጣለት ባለሙያ ደግሞ ከሻጋ ወይም ከአቡአ ኮኪት የተወለደ፣ ወፍ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ቢሆን የሚከለክል ሕግ የለም። የውኃ ፓምፕ የሚጠግን፣ የመፈልፈያ ወፍጮ የሚያድስ፣ የፎገራን ከብት የሚያክም ሰውም በየገበያው ይፈለጋል፤ ለእነዚህ ሙያዎች የግብርናና የቴክኒክ ኮሌጆች በር ከዩኒቨርሲቲው በር ይልቅ ሰፊ ነው።

ለጊዜው በየቀበሌው ሊሠራ የሚቻለው ከ8ኛ ክፍል ይጀምራል። ለክልላዊው ፈተና የሚቀመጡት ልጆች በየዓመቱ ስንት እንደ ሆኑ፣ ከእነዚህም ውስጥ ሴቶቹ ስንት እንደ ሆኑ በቀበሌው መዝገብ ላይ በስም ሊጻፍ ይገባል። ወፍ ጥበቃውን ጎረቤት ከጎረቤት በወንፈል ቢይዘው፣ አሥር ማሳ ባለበት አንድ ሰው በተራ ማማ ላይ ቢውል፣ የእነዚህ ልጆች ጥቅምትና ኅዳር ሙሉ በሙሉ ለትምህርት ይተርፋል። ወንፈሉ ለአረምና ለአጨዳ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ለወፍ ጥበቃ የሚለየው በተማሪ ፈንታ ጎልማሳ ማማ ላይ መውጣቱ ብቻ ነው። ከጎልማሶቹ አንዳንዱ ይህን የልጅ ሥራ ነው ብሎ ሊያፍርበት ይችላል። ሩዙ ግን ወንጭፉን ማን እንዳስጮኸው አይጠይቅም።